ማጅራቴን ለወራት የሚያሳክከኝ ምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የቆዳ ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦

የተከበሩ ዶክተር፣

በአርባዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የምገኝ፣ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግል የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ራሴንና ማጅራቴን እንቅልፍ እስኪነሣኝ ድረስ ያሳክከኛል። በማጅራቴ የፀጉር መስመር ላይ፣ ከጆሮዎቼ ጀርባና በአንገቴ ግራና ቀኝ ጠቆር ያለ ሽፍታ ይወጣል፤ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥርና ሳክከው ይፈነዳል፤ ከዚያም ደርቆ ይቀረፋል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠዋት ስነሣ የዐይኔ ቆብ አብጦ አግኝቼዋለሁ። የሚገርመኝ ነገር መሃል ራሴ ላይ ይህን ያህል ሽፍታ አለመኖሩ ነው።

መጀመሪያ ፎረፎር ነው ተብሎ የፈንገስ ሻምፖ ተጠቀምሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ከመድኃኒት ቤት የሰጡኝን፣ ሦስት መድኃኒቶች የተቀላቀሉበት ቅባት ስቀባ በሁለት በሦስት ቀን ይጠፋልኛል፤ ሳቆም ግን ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። በርበሬና እንቁላል መብላት ትቻለሁ፤ የልብስ ሳሙናም ቀይሬአለሁ። የደም፣ የስኳር፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አድርጌ ሁሉም ደህና ነው ተብያለሁ። ባለቤቴንና ልጆቼን አያሳክካቸውም።

የፀጉር ቀለሙ ይሆን እንዴ ያለችኝ ጓደኛ አለች። እኔ ግን ሽበቴን በጥቁር የዱቄት ሂና መሸፈን ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል፤ በየወሩ ገደማ እቀባዋለሁ፤ አንድም ቀን አቃጥሎኝ አያውቅም። እንዲያውም ከተቀባሁ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ሰላም አገኛለሁ። በደሜ ውስጥ የገባ በሽታ ይኖር ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። መንስኤውን የማገኘው በየትኛው ምርመራ ነው?

ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎ አንድ የቆዳ ሐኪም ሊያውቀው የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር የያዘ በመሆኑ አመሰግንዎታለሁ። ቆዳዎን በዐይኔ ሳላይና በእጄ ሳልዳስስ ቁርጥ ያለ ውሳኔ መስጠት አልችልም፤ ይሁን እንጂ ከጻፉልኝ ተነሥቼ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ጓደኛዎ የጠረጠረችውን፣ ማለትም የፀጉር ቀለሙን ነው። ቀለሙን ነጻ ለማውጣት ያቀረቧቸው ሁለት ምክንያቶች፣ ለዓመታት ያለ ችግር መጠቀምዎና ከተቀቡ በኋላ ሁለት ቀን ሰላም ማግኘትዎ፣ በእኔ ዘንድ ጥርጣሬውን የሚያጠነክሩ እንጂ የሚያስወግዱ አይደሉም።

ቆዳ በሚነካው ነገር የሚታመምባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቀጥታ መጎዳት ነው፤ ፀጉር ማለስለሻ ሪላክሰር ከሚገባው በላይ ሲቆይ ወዲያውኑ እንደሚያቃጥለው ማለት ነው፤ ይህ ማንኛውንም ሰው ሊያጋጥም ይችላል። ሁለተኛው አለርጂ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አንድን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት ለይቶ ሲይዘው የሚመጣ ነው። ይህ የቆዳ አለርጂ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ኦቾሎኒ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚነሣበት ዓይነት አይደለም። በነጭ የደም ሕዋሳት አማካይነት ቀስ ብሎ የሚቀሰቀስ በመሆኑ ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ንጥረ ነገሩ ቆዳን ከነካ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህም ቅዳሜ ማታ ፀጉሩን የተቀባ ሰው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማሳከክ ሲጀምረው እሑድ የበላውን ወይም ሰኞ የለበሰውን ይጠረጥራል እንጂ የቅዳሜው ቀለም ትዝ አይለውም። የእርስዎ የሁለት ቀን ሰላም ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

ለዓመታት መጠቀምዎን በተመለከተም አለርጂ ከልደት ጀምሮ አብሮን የሚኖር ነገር አይደለም። ሰውነት አንድን ንጥረ ነገር ደጋግሞ ሲያገኘው ቆይቶ በአንዱ ቀን መቆጣት ሊጀምር ይችላል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ያንን ንጥረ ነገር ባገኘ ቁጥር ይቆጣል። ሰዎች «አዲስ የጀመርሁት ነገር የለም» ብለው መንስኤውን ከውጭ መፈለግ ሲያቆሙ በየጊዜው አያለሁ፤ ለዚህ ዓይነቱ ሽፍታ ግን አሮጌው ልማድ ከአዲሱ ባልተናነሰ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ሽፍታው የሰፈረበት ቦታም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። የራስ ቆዳ ወፍራም በመሆኑ የፀጉር ቀለምና ሻምፖ በብዛት ቢያርፉበትም ብዙውን ጊዜ ከማሳከክ ያለፈ ምልክት አያሳይም። ፀጉር ሲታጠብ ቀለም ያዘለው ውሃ ግን ወደ ማጅራት፣ ወደ ጆሮ ጀርባ፣ ወደ አንገት ጎንና ወደ ግንባር ይወርዳል፤ እነዚህ ቦታዎች ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ሽፍታው የሚወጣው በእነርሱ ላይ ነው። የዐይን ቆብ ቆዳ ደግሞ ከሁሉም የሳሳ በመሆኑ ጥቂቱ ነገር ያሳብጠዋል። ራስዎ መሃል ለመሃል ደህና ሆኖ ማጅራትዎ መቁሰሉ ያስገረመዎት ስለዚህ ነው። ሽፍታው ጠቆር ያለ ነው ማለትዎም ትክክል ነው፤ የሕክምና መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቀይ ሽፍታ ይናገራሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ያው መቆጣት ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥቁረት ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ «አልቀላም፤ አለርጂ አይደለም» የሚለውን አባባል አይቀበሉት።

በወር አንድ ጊዜ የሚቀቡት ነገር እንዴት ወሩን ሙሉ ያሳክካል ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አንድ የአለርጂ ሽፍታ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እፎይ ሊሉ ሲቃረቡ የሚቀጥለው ቀለም ይደርሳል። በመካከሉ ማከኩ ራሱ ቆዳውን ያወፍረዋል፤ የወፈረው ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ያሳክካል። መነሻውና መድረሻው ያልታወቀ፣ የማያቋርጥ የሚመስል በሽታ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ራሱ ልምጣ። ከሂና ቅጠል ብቻ የተዘጋጀ ዱቄት ፀጉርን ወደ ብርቱካናማና ቀይ ቡናማ ነው የሚለውጠው፤ በአንድ ጊዜ ድቅድቅ ጥቁር አያደርግም። «ጥቁር ሂና» ተብሎ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ጥቁረቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን ከሚባል ኬሚካል ሲሆን፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ይህ ኬሚካል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለፀጉር ማቅለሚያ ያገለግላል፤ ሽበትን በመሸፈን ረገድ ተወዳዳሪ ስላልተገኘለት ዛሬም በአብዛኞቹ ዘላቂ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ አለ። ከቆዳ አለርጂ አምጪዎች መካከል በጣም ከታወቁት አንዱም እርሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ በሚያርፈው ቀለም ውስጥ መጠኑ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። በየሱቁ በሚሸጥ፣ ይዘቱ በግልጽ ባልተጻፈበት ዱቄት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ግን ገዢው ማወቅ አይችልም። እባክዎ ከረጢቱን ወይም ካርቶኑን አይጣሉት፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈው ዝርዝር ውስጥ «ፌኒሊንዳያሚን» ወይም የቅርብ ዘመዱ የሆነው «ቶሉዊን ዳያሚን» መኖሩን ይመልከቱ፤ ምንም ዝርዝር የሌለው ከሆነም ያንኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ለሠርግ ወይም ለበዓል በእጅዎ ወይም በእግርዎ ላይ ጥቁር ሂና ተሥለው ያውቃሉ? በተለይ በዐረብ አገሮችና በሱዳን የኖሩ ብዙ እኅቶቻችን የሚያዘወትሩት ይህ ጥቁር ሥዕል ብዙ ጊዜ ፒፒዲ ይቀላቀልበታል፤ ሥዕሉ ባረፈበት መስመር ልክ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ካወቀ፣ ወይም ነጣ ያለ ጠባሳ ትቶ ካለፈ፣ አለርጂው የዚያን ጊዜ ተፀንሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው በኋላ ፀጉሩን ሲቀባ የሚነሣበት ቁጣ ከባድ ሊሆን ስለሚችል ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ስለ ቅባቱ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ሦስት መድኃኒት በአንድ ቱቦ የያዙት ቅባቶች አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ የተቀላቀሉባቸው ናቸው። ማሳከኩን በሁለት ቀን ጸጥ የሚያደርገው ስቴሮይዱ ነው፤ ይሁን እንጂ መንስኤው ሳይወገድ እሳቱን ብቻ ስለሚያዳፍን ሲቆም ተመልሶ ይነሣል። በስስ የአንገት ቆዳ ላይ ለሳምንታት ሲቀባ ደግሞ ቆዳውን ያሳሳል፣ ያነጣል፣ ብጉር ያወጣል፤ እውነተኛ የፈንገስ በሽታ ቢኖር እንኳ መልኩን ለውጦ ሐኪሙን ያሳስታል። በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ኒዮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ራሱ የታወቀ አለርጂ አምጪ ነው፤ ስለዚህ ሽፍታ ሊያድን የተቀባው ነገር ሁለተኛ ሽፍታ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ እኔም አዝዘዋለሁ። ነገር ግን ኃይሉ፣ የሚቀባበት ቦታና የሚቆይበት ጊዜ ተለክቶ ሲታዘዝ ነው የሚጠቅመው። ዳማከሴውንም ለጊዜው ቢተዉት ይሻላል፤ እናትዎ በፍቅር ያደረጉት መሆኑ ባይጠፋኝም፣ የቆሰለ ቆዳ ላይ የሚታሽ ማንኛውም ቅጠል ቁጣውን ሊያባብስ ይችላል።

ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች በአጭሩ እንያቸው። ፎረፎር በራስ ቆዳ ላይ የሚኖር ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ የሚያባብሰው ሕመም ሲሆን፣ ቅባታም ቅርፊት መሃል ራስ ላይ፣ በቅንድብና በአፍንጫ ጎን ያሳያል፤ የኬቶኮናዞል ሻምፖን በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀብቶ ለ5 ደቂቃ ያህል አቆይቶ ማጠብ አብዛኛውን ጊዜ ያስታግሠዋል። ሻምፖው እርስዎን አለመርዳቱና መሃል ራስዎ ደህና መሆኑ ከዚህ ያርቀናል። ሶራያሲስ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ክርንና ጉልበትንም ይይዛል። እከክ በአዋቂ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ራስንና አንገትን አይነካም፤ በጣት መሃል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ይበረታል፤ የቤተሰቡን አባላትም ያሳክካቸዋል። ቅማል ማጅራትንና የጆሮ ጀርባን ስለሚያሳክክ ሳያዩ ማለፍ አይገባም፤ አንድ ሰው በጥሩ ብርሃን ፀጉርዎን ከሥሩ እየከፈለ ቅጫም ይፈልግልዎ። በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ላሽ በአዋቂ ላይ እምብዛም አይታይም።

ትንሽ መቆየት የሚገባን ከአንገት ጋር በቀጥታ በሚነካኩ ነገሮች ላይ ነው። ሐብልና የፀጉር መቆንጠጫ ኒኬል ካለባቸው፣ ሽፍታው መቆለፊያው ባረፈበት ነጥብ ላይ ይሰፍራል። ማተብ ካሠሩም ሽፍታው የክሩን መስመር ተከትሎ እንደ ቀለበት የዞረ መሆኑን ይመልከቱ፤ ጥቁር የተነከረ ክር ከላብ ጋር ሲረጥብ አንዳንድ ሰው ላይ ቁጣ ያስነሣል፤ ያልተነከረ ነጭ ክር ለውጦ ማየት ይቻላል። ሽቶ በቀጥታ አንገት ላይ ሲረጭ ምልክቱ የሚወጣው እንደ ቀለሙ ከማጅራት ሳይሆን ከተረጨበት ቦታ ነው። በሹሩባ የሚገባ ሰው ሠራሽ ፀጉርና ዊግ የሚለጠፍበት ሙጫም በተሠራ በቀናት ውስጥ ሊያሳክኩ ይችላሉ። ከሻምፖና ከኮንዲሽነር ደግሞ ሽታ ማሳመሪያዎቹና ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው ማቆያ ኬሚካል በዋናነት ይጠረጠራሉ፤ ይህን ማቆያ የአውሮፓ ኅብረት ሳይታጠቡ ቆዳ ላይ በሚቆዩ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክሏል።

የደም ምርመራዎ ደህና መሆኑ መልካም ነው፤ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ግን በደም ምርመራ አይገኝም። ለዚህ የተለየ ምርመራ አለው። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ፓች ቴስት የሚባለው ዘዴ ዛሬም ዋናው ነው። የተጠረጠሩት ንጥረ ነገሮች በተመጠነ መጠን በትንንሽ ክብ ሳህኖች ተደርገው ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ሲነሡ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይነበባሉ። የሁለተኛው ንባብ መቅረት የለበትም፤ ብዙ ዘግይተው የሚወጡ ውጤቶች የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ጀርባን ማጠብና ላብ የሚያመጣ ሥራ መሥራት አይፈቀድም፤ የሚዋጥ ስቴሮይድ የሚወስዱ ወይም ጀርባቸውን ስቴሮይድ የሚቀቡ ሰዎችም ውጤቱ እንዳይደበቅ አስቀድመው መናገር አለባቸው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሐኪሙ በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱም እየዳሰሰ እብጠቱን መፈለግ ይኖርበታል። በክንድ ላይ በመርፌ ጫር ተደርጎ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚነበበው ምርመራ ከዚህ የተለየ መሆኑን ይወቁ፤ እርሱ ለእርስዎ ዓይነቱ ችግር መልስ አይሰጥም። ምርመራውን በተመለከተ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ፤ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል በአገራችን ከታወቁት የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ግን ቁጭ ብለው መጠበቅ የለብዎትም፤ በእኔ አስተያየት ከዛሬ ጀምሮ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ከምርመራው ባልተናነሰ ይጠቅማል። ለ6 ሳምንት ያህል የፀጉር ቀለሙን፣ ሽቶውን፣ የፀጉር ቅባቱንና ሐብሉን በአንድ ጊዜ ያቁሙ፤ ሽታ የሌለው አንድ ሻምፖ ብቻ ይያዙ። ፀጉር ቤት ከሄዱ የራስዎን ሻምፖ ይዘው ይሂዱ፤ ከካስክና ከሙቅ ውሃም ለጊዜው ይራቁ፤ ሙቀት ማሳከክን ያባብሳልና። በርበሬዎንና እንቁላልዎን ይብሉ፤ የጻፉልኝ ምልክት ወደ ምግብ አያመለክትም። በቀን መቁጠሪያ ላይ ማታ ማታ የማሳከኩን ብርታት ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይጻፉ፤ ያን ቀን ራስዎንና አንገትዎን የነካውን ነገር ከጎኑ ያስፍሩ፤ ሽፍታው ሲወጣም በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ሐኪም ዘንድ በሚቀርቡበት ቀን ሽፍታው ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። ሲያሳክክ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ማጅራት ላይ ማድረግ ከጥፍር እጅግ የተሻለ ነው።

ቆዳው ከበረደ በኋላ የተዉዋቸውን ነገሮች በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ፣ ከማይጠረጥሩት ጀምረው ይመልሱ። ሳይታጠብ ቆዳ ላይ የሚቆይ ቅባት ከሆነ ደግሞ በክርን መታጠፊያ ውስጥ በትንሽ ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ ሁለት ሳምንት ቀብተው መሞከር ይችላሉ፤ ካሳከከ ወይም ከሻከረ ያቁሙት። የፀጉር ቀለሙን ግን በምንም ዓይነት በቤትዎ አይሞክሩት፤ የእርሱ ሙከራ በሐኪም እጅ ብቻ መሆን አለበት። ቀለም በተቀቡ ማግሥት ፊትዎ በሙሉ ካበጠ፣ ወይም በማናቸውም ጊዜ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሽፍታው ጋር ደረጃ መውጣት ወይም ፀጉር ለማበጠር ክንድ ማንሣት የሚያቅት የጡንቻ ድካም ከመጣም ነገሩ ከንክኪ አለርጂ የተለየ የውስጥ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መታየት ያስፈልጋል።

ፒፒዲ መሆኑ ከተረጋገጠ አለርጂው በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ኬሚካሉን ካልነኩት ግን ሽፍታው አይመለስም። አሁን ፀጉርዎ ላይ ያለው ቀለም በደንብ ከደረቀና ከታጠበ ብዙውን ጊዜ ስለማያስቸግር ፀጉርዎን መቆረጥ አያስፈልግዎትም። ለፒፒዲ አለርጂክ ከሆኑት ብዙዎቹ ቶሉዊን ዳያሚን ላለባቸው ቀለሞችም አለርጂክ ስለሆኑ፣ «ፒፒዲ የሌለው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምንም ያልተቀላቀለበት እውነተኛ የሂና ቅጠል ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፤ የሚሰጠው ቀለም ግን ቀላ ያለ ነው። ቤንዞካይን የተባለው ማደንዘዣም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ቁጣ ስለሚያስነሣ፣ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አለርጂዎን አስቀድመው ይናገሩ።

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነኝ። ፀጉሬን በየሁለት ሳምንቱ በዜሮ ማሽን እቆረጣለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማጅራቴ ላይ የፀጉር መስመሩን ተከትሎ የሚያሳክኩ ጠንካራ ጉብጉብታዎች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ መግል ይይዛሉ። ፀጉር አስተካካዩ አልኮል ያደርግልኛል፤ ግን ይብስበታል። ጓደኞቼ የማሽን ፈንገስ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

ጠያቂው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ወንድማችን፣ ፈንገስ ከማሽን ሊተላለፍ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈንገስ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ቅርፊት ያለው ክብ ሆኖ ይሰፋል። የእርስዎ ገለጻ ይበልጥ የሚስማማው አክኔ ኬሎይዳሊስ ከሚባለው ሕመም ጋር ነው። ይህ ሕመም በተለይ ፀጉራቸው በጣም የተጠቀለለ ወንዶችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ወደ ቆዳ ተጠግቶ መቆረጥና የሸሚዝ ኮሌታ መፋተግ ያባብሱታል፤ በፀጉሩ ሥር ዙሪያ የሚነሣው ቁጣ ሲደጋገም ጠባሳ እየሆነ ይጠነክራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ከሁሉ በፊት የማጅራትዎን ፀጉር በዜሮና በምላጭ መቆረጥ ያቁሙ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቆይ፤ ጠርዙንም በምላጭ አያስነኩ። ጉብጉብታዎቹን አያፍርጡ። አልኮሉ የቆሰለ ቆዳን ከማቃጠል ያለፈ የሚያድነው ነገር የለም። የራስዎን ማሽን ቢይዙ ይመረጣል፤ ለዚህ ሕመም ሳይሆን፣ ደም ከነካው ምላጭና ማሽን ለሚተላለፉት እንደ ሄፓታይተስ ቢ ላሉት በሽታዎች ጥንቃቄ ስለሚሆን ነው።

ጉብጉብታዎቹ ገና ትንንሽ እያሉ ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ ቅባትና ለሳምንታት የሚወሰድ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ መድኃኒት ብዙዎቹን ያስታግሣቸዋል። ተገናኝተው ፀጉር የማይበቅልበት ጠንካራ ጠባሳ ከሆኑ በኋላ ግን በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ገና የወራት ዕድሜ እያለው በዚህ ወር ውስጥ የቆዳ ሐኪም እንዲያይዎት እመክራለሁ። ከመሄድዎ በፊት ፀጉርዎን አይቆረጡ፤ ሐኪሙ ፀጉሩ ከቆዳው የሚወጣበትን አኳኋን ማየት ይፈልጋልና።